ርካሹ ማን ነው?

በአማርኛችን «ርካሽ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የገበያ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያልወጣበት፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ዕቃ ርካሽ ይባላል። ሁለተኛው የሥነ ምግባር ነው፤ ለጥቅም ሲል ራሱን ወይም ሌላውን ያዋረደ ሰው ሥራው ርካሽ ይባላል። እነዚህ ሁለት ፍችዎች በአንድ ቃል ውስጥ ተጎራብተው ስለሚኖሩ አንዱን በሌላው ቦታ ስንወስደው እንገኛለን። በጥቂት ገንዘብ የተሠራውን ወራዳ፣ በብዙ ገንዘብ የተሠራውን ክቡር አድርገን እንፈርዳለን። ይህ ስሕተት ከየትኛውም የኪነ ጥበብ ዘርፍ ይልቅ በፊልም ላይ ጎልቶ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም «የብዝበዛ ፊልም» እየተባለ የሚጠራውን የፊልም ዓይነት ይዞ ርካሹ በእርግጥ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ፊልሙ ነውን? ሠሪው ነውን? በፊልሙ የሚታየው ሰው ነውን? ወይስ ከፍሎ የሚያየው ተመልካች?

ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ ይመስል ይሆናል። በደቡብ ኦሞ ለኖረ ሰው ግን ከደጃፉ የማይርቅ ጉዳይ ነው። ከቱርሚ ተነሥቶ ቁጥቋጦውን እየሰነጠቀ የሚጓዝ የጎብኚ መኪና ብዙ ጊዜ መድረሻው ኮልቾ ነው። ኮልቾ የካሮ ሕዝብ መንደር ነው፤ ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ከሥሩ የሚጠማዘዘውን የኦሞን ወንዝ ቁልቁል ይመለከታል። ካሮዎች በቁጥር ከጥቂት ሺህ የማይበልጡ፣ በወንዙ ዳር ማሽላ የሚዘሩ፣ ከብትና ፍየል የሚያረቡ ሕዝብ ናቸው። ገላን በነጭ፣ በቢጫና በቀይ አፈር፣ በከሰልም መቀባት የታወቁበት ጥበባቸው ነው። ይህ ጥበብ የጭፈራና የክብረ በዓል ጥበብ ነበር፤ አሁንም ነው። ነገር ግን የመኪና ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ቀለሙ ለሌላም ጉዳይ ይበጠበጣል። እንግዶቹ ይወርዳሉ፤ ወጣቶቹ በአፋፉ ላይ ይሰለፋሉ፤ ካሜራ የያዘው ሰው ይመርጣል፤ ለተመረጠው ብር ይቆጠርለታል፤ መኪናውም አቧራውን አስነሥቶ ይመለሳል። መጋረጃ የሌለው፣ ደራሲና አዘጋጅ የሌለው፣ ተዋናይና ካሜራ ብቻ ያለው ትርኢት ነው። ወጪውን ካሰብን በዓለም ላይ ከዚህ የረከሰ ትርኢት ማግኘት ያስቸግራል። ርካሽ ያልኩት በየትኛው ፍች እንደ ሆነ ግን ገና አልወሰንኩም።

«ብዝበዛ» የሚለውን ቃል እኛ ኢትዮጵያውያን በሚገባ እናውቀዋለን። በአንድ ወቅት በየአደባባዩ፣ በየመማሪያ ክፍሉና በየውይይት ክበቡ ሲነገር ኖሯል፤ ፍችውም የሌላውን ላብ ያለ ተገቢ ዋጋ መውሰድ ነው። በአሜሪካ የፊልም ንግድ ውስጥ ግን ቃሉ ሲጀመር እንዲህ ያለ ክስ አልነበረበትም። ፊልምን በማስታወቂያ፣ በወሬና በልዩ ልዩ ዘዴ አጋንኖ ማሻሻጥ ማለት ነበር። ውሎ አድሮ ከማስታወቂያው በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው ፊልሞች በዚሁ ስም ተጠሩ። ዝነኛ ተዋናይ ለመቅጠር፣ ትልቅ ስቱዲዮ ለመከራየት አቅም የሌለው ነጋዴ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሊነኩት የማይደፍሩትን ርእሰ ጉዳይ ያነሣል፤ ራቁትነትን፣ ዕፅን፣ ግድያን፣ «እንግዳ» የተባሉ ሕዝቦችን። በገንዘብ ያጣውን በድፍረት ያሟላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው «እናትና አባት» የተባለ ፊልም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክሮገር ባብ የተባለው ነጋዴ ፊልሙን ለሴቶችና ለወንዶች በየተራ ለይቶ ያሳይ፣ በመካከሉም የጤና አዋቂ የተባለ ሰው አስነሥቶ ንግግር ያስደርግ፣ መጽሐፍ ያሸጥ ነበር። ሕዝቡን የሳበው እውነተኛ ወሊድ የሚታይበት ክፍል ነው። በትምህርት ስም የተሸጠው ጉጉት እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም ስለ ገዛ ሰውነቷ የሚነግራት ሰው አጥታ ያደገች የዚያ ዘመን ወጣት ከዚያ አዳራሽ አንዳች እውነት ይዛ ወጥታ ሊሆን እንደሚችል መካድ አይገባም። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሮጀር ኮርማን ደግሞ ችኮላንና ቁጠባን ሙያ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው «ትንሿ የአስፈሪ ነገሮች ሱቅ» ዋናው ክፍሉ የተቀረጸው በሁለት ቀን ነው። በእርሱ የቁጠባ ትምህርት ቤት ካለፉት መካከል ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላና ማርቲን ስኮርሴዚ ይገኛሉ። ሲናቅ የኖረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 የክብር ኦስካር ተሸልሞ እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ። እስከዚህ ድረስ ርካሽነቱ የገበያ ርካሽነት ነው፤ ማንንም የሚያስወቅስ አይደለም።

ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጓልቲየሮ ጃኮፔቲና ባልደረቦቹ «ሞንዶ ካኔ» የተባለውን ፊልም በኢጣሊያ አወጡ፤ «የውሻ ዓለም» እንደ ማለት ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተለቀመ አስገራሚና ዘግናኝ ልማድ ተሰብስቦበታል፤ በላዩ ላይ የሚያላግጥ ድምፅ ይተርክበታል። እ.ኤ.አ. በ1966 እነዚሁ ሰዎች «አዲዮ አፍሪካ» ብለው የአህጉራችንን የነጻነት ዘመን የሬሳና የእሳት ትርኢት አድርገው አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውን ስለ አሜሪካ ባርነት የሚናገር ፊልም ለመሥራት ደግሞ ወደ ሃይቲ ሄዱ፤ በዱቫሊዬ አምባገነን አገዛዝ ትብብር ድሆቹን የሃይቲ ዜጎች ራቁታቸውን ባሪያ አድርገው አሰለፏቸው። ባርነትን አወግዛለሁ የሚል ፊልም ሰውን እንደ ዕቃ ደርድሮ ቀረጸ። የቃሉ ሁለት ፍች እዚህ ላይ ይገናኛል፤ ብዝበዛው ከማሻሻጥ አልፎ እኛ የምናውቀው ብዝበዛ ሆነ።

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይነገራል። ስያሜው እስከ ዛሬ የሚያስቀን ቢሆንም ከሥሩ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ጥላው በግድግዳ ላይ የሚሄደው ሰው የት ነው? ነፍሱስ ማን ዘንድ ነው? የሚል ጥርጣሬ ነው። ከዘመናት በኋላ የብዝበዛ ፊልም ሠሪዎች እኛኑ ሊቀርጹ ሲመጡ ይህ ጥርጣሬ ትርጉም አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» በከፊል የተቀረጸው በኢትዮጵያ ነው። አዘጋጁ ጆን ጊለርሚን፣ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ሲሆኑ፣ ከእኛ ወገን ደበበ እሸቱ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ፊልሙ በወቅቱ ጥቁር ጀግኖችን ይዞ ከተነሣው የፊልም ማዕበል አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ጁኒየስ ግሪፊን የተባለ የጥቁሮች መብት ማኅበር ሰው «ጥቁር» እና «ብዝበዛ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋብቶ ለዚህ ማዕበል ስም አውጥቶለታል፤ ስያሜው ውግዘት ነበር። በፊልሙ ውስጥ በካርታ ላይ የሌለ ኢትዮጵያዊ ሕዝብ ተፈጥሯል፤ አሚሩንም የአሚሩንም ልጅ የተጫወቱት የውጭ አገር ተዋንያን ናቸው። መልክዓ ምድሩ የእኛ፣ ልማዱ የድርሰት ክፍሉ ፈጠራ ነው። ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን የፊልሙን ጉዳይ ልብ እንበል። ሻፍት የሚታገለው ድሆች አፍሪካውያንን በተስፋ አታልሎ ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግርና እንደ ባሪያ የሚያሠራ ቡድንን ነው። ዛሬ በሰሃራ በረሃና በሜድትራንያን ባሕር ልጆቻችንን እያጣን ላለን ለእኛ ይህ ተራ ተረት አይደለም። ርካሽ የተባለው ፊልም ክቡር የተባሉት ያላነሡትን እውነት ቀድሞ አነሣ፤ እውነቱን ግን በተፈጠረ ሕዝብ ልብስ ሸፍኖ ሸጠው።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች በተወቀሱ ቁጥር የሚወዳቸው ለምን አይጠፋም? ለዚህ መልስ ለመስጠት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ እኔም ከወዳጆቻቸው አንዱ ነኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቪዲዮ ቤት ማለት የጭቃ ግድግዳ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥንና ከውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር ነበር። በጥቂት ሳንቲም ገብተን የብሩስ ሊን ካራቴ፣ የራምቦን ጥይት፣ የሕንድን ልቅሶና ዘፈን አየን። እንግሊዝኛውን የሚረዳ አልነበረም፤ ፊልሙን ቀደም ብሎ ያየ ልጅ ከፊት ተቀምጦ ይተርክልን ነበር። ያልገባውን ፈጥሮ ይሞላዋል። «አክተሩ» ሲመታ እንጮኻለን፣ ሲነሣ እናጨበጭባለን። የደሙ ቀለምነት፣ የገደሉ ካርቶንነት ሲታወቅብን ደስታችን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ነገሩ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን ስላየን እኛም ልንሠራው የምንችል መሰለን። በማግሥቱ በየሜዳው እንጨት ይዘን ሠራነውም። ተውኔት መጻፍ የተማርኩት በዩኒቨርሲቲ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን ግን የጀመርኩት በዚያ አግዳሚ ላይ እንደ ሆነ አምናለሁ።

እንግዲህ የእነዚህ ፊልሞች ፍቅር ሦስት ምንጭ ያለው ይመስለኛል። አንደኛው የተከለከለውን የማየት ጉጉት ነው። ሁለተኛው በጥበቡ ጉድለት ውስጥ የሠሪውን እጅ ማየትና ራስን የሥራው ተካፋይ አድርጎ መቍጠር ነው። ሦስተኛው ደግሞ በእውነተኛው ዓለም ሁልጊዜ የሚሸነፈው ሰው ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲያሸንፍ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሜልቪን ቫን ፒብልስ በጥቂት ገንዘብ፣ በ19 ቀን ቀርጾ ያወጣው «ስዊት ስዊትባክ» ከፖሊስ አምልጦ በሕይወት የሚተርፍ ጥቁር ሰው ስላሳየ ብቻ የአሜሪካ ጥቁሮች ሲኒማ ቤቱን አጥለቀለቁት። በካምፓላ ዋካሊጋ በተባለ የድሆች ሰፈር የሚሠራው ኢሳቅ ናብዋና እ.ኤ.አ. በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለውን የጦርነት ፊልም ከ200 ዶላር በማይበልጥ ወጪ እንደ ሠራው ይነገራል። ተዋንያኑ የሰፈሩ ልጆች፣ ተመልካቹ በመጀመሪያ የሰፈሩ ሕዝብ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወዳጆች አሉት። የሚሳቀው በሰዎቹ ላይ አይደለም፤ ከሰዎቹ ጋር ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም የጥያቄያችን ቁልፍ እርሱ ነው።

ከእኛም ዘንድ ምስክር አለ። ጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ በነበረበት ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ፣ ከእነርሱም መካከል ቻርልስ በርኔት፣ የሆሊውድን የጥቁር ብዝበዛ ፊልም አንቀበልም ብለው ተነሡ። የገንዘብ ነገር ከተነሣ እነርሱ ከተቃወሟቸው ሁሉ የባሱ ድሆች ነበሩ። ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. አገሩ ተመልሶ፣ ሙያተኛ ያልሆኑ ገበሬዎችን ይዞ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በጥቂት ሳምንታት ቀረጸው። ገበሬው በዚያ ፊልም ውስጥ የሚታይ ብቻ አይደለም፤ ያስባል፣ ይከራከራል፣ ሕልም ያያል። የዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ብሎ ከመረጣቸው ፊልሞች መካከል ዛሬ የቫን ፒብልስ «ስዊት ስዊትባክ»ም የኃይሌ «ቡሽ ማማ»ም ይገኛሉ። ድህነት ሁለቱንም አላዋረዳቸውም።

ስለዚህ ርካሽነት በወጪ አይለካም፤ በቀራጩና በተቀራጩ መካከል ባለው ግንኙነት እንጂ። ይህን ለመመርመር ወደ ኦሞ ሸለቆ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሌስሊ ውድሄድ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ስለ ሙርሲ ሕዝብ አንድ ፊልም ሠራ፤ አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን አብሮት ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ የሙርሲ ሰዎች ከቦዲ ጋር ስላለው ጠብ በጥላ ሥር ተሰብስበው በየተራ እየተነሡ ሲከራከሩ እናያለን፤ ንግግራቸውም ተተርጉሞ ቀርቧል። ተመልካቹ ከከንፈር ገሉ አልፎ አሳቡን ይሰማል። ከዚህ በተቃራኒ የ«ሞንዶ» ፊልም ከንፈር ገሉን አሳይቶ አፉን ይዘጋዋል። የብዝበዛ ፊልም ሰውን ራቁቱን፣ ሲደማ፣ ሲዘልል ሊያሳይ ይችላል፤ ሲመክር ግን ሊያሳየው አይችልም። ምክር የሚያውቅ ሰው እንግዳ ፍጥረት መሆኑ ያከትማልና።

የካሮን ነገር እንውሰድ። ጥርስ ባወጣጡ ወይም ባወላለዱ ምክንያት እርግማን አለበት የተባለ ሕፃን የሚወገድበት «ሚንጊ» የተባለ ልማድ በካሮም ዘንድ ነበር። ለብዝበዛ ፊልም ከዚህ የበለጠ ጉዳይ የት ይገኛል? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የካሮ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ። ለዚህ ውሳኔ ከታገሉት አንዱ ላሌ ላቡኮ የተባለ የዚያው የካሮ ልጅ ነው። ዘግናኙ ነገር ሰባት ጊዜ ቢቀረጽ ገበያ አለው፤ ውሳኔው፣ ክርክሩ፣ የእናቶች እንባና የሽማግሌዎች ድፍረት ግን ገበያ የለውም። የማሽላው እርሻም እንዲሁ ነው። ግልገል ጊቤ 3 እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ የጎርፍ ሥርዓት ተለውጧል፤ ጎርፍ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ይዘራ የነበረ ሕዝብ ኑሮውን እንደ ገና ማሰብ ግድ ሆኖበታል። በአፋፉ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሣው ወጣት ከበስተ ጀርባው የሚታየው ወንዝ ይህ ነው። ፎቶው ግን ወንዙን ለውበት ያስገባዋል እንጂ ስለ እርሻው አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። «ወጣቱን ማን አስገደደው? እርሱም ተዋናይ ነው፤ ቀለሙን ይመርጣል፣ ዋጋውን ይደራደራል፣ የእንግዳውን ሞኝነት ያውቃል፤ እንግዲህ በዝባዡ እርሱ አይደለምን?» የሚል ነው። መቃወሚያው እውነትነት አለው። የኮልቾን ወጣት አቅመ ቢስ ሰለባ አድርጎ መሣልም ሌላ ዓይነት ንቀት ነው። ይሁን እንጂ ተዋናይ ማለት ድርሰቱን ሊያነብ፣ ካልተስማማውም «ይህን አልጫወትም» ሊል የሚችል ሰው ነው። የኮልቾው ትርኢት ድርሰት የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው። ሸሚዝ ለብሶ ደብተር የያዘው ልጅ ፎቶ አይነሣም፤ ቀለሙን አብዝቶ የተቀባው፣ አበባና ቀንድ በራሱ የደፋው ይነሣል። ገበያው የሚከፍለው ከአያቶቹ ልማድ ይልቅ እንግዳው ይዞት ለመጣው ሕልም ነው። ዋጋ መደራደር ነጻነት ነው፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ሕልም ውስጥ ስለሚሰጥ ቦታ መደራደር የነጻነት ጠርዝ እንጂ መካከሉ አይደለም።

ባለፈው ኮልቾ በወረድኩ ጊዜ ፊቱን በነጭ አፈር የሚቀባ አንድ ወጣት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አማርኛ ይናገራል፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። እንግዶቹ ስለ ምን ስለ ምን እንደሚጠይቁት ጠየቅሁት። ዋጋውን ሁሉም ይጠይቃል፣ ስሙን ግን የጠየቀው እምብዛም እንደማያስታውስ ነገረኝ። አንገቴን ደፋሁ። የደፋሁት ስለ እንግዶቹ አፍሬ አይደለም። እኔም ስሙን ገና እንዳልጠየቅሁት ትዝ ስላለኝ ነው።

ግለ ሂስ የሚባለው ነገር ዛሬ ከፋሽን ወጥቷል፤ ቢሆንም እዚህ ላይ ግዴታዬ ነው። ከዓመታት በፊት በጻፍኩት አንድ ተውኔት ውስጥ ዱላ ይዞ፣ ገላውን ተቀብቶ ወደ መድረክ የሚገባ ገጸ ባሕርይ ነበረኝ። በተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ «የኦሞ ጎረምሳ» ተብሎ ተጽፏል። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ስም አላቸው፣ ይከራከራሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ይጸጸታሉ። እርሱ ሦስት ጊዜ ይገባል፣ ሦስት ጊዜ ይዘልላል፣ አንድም ቃል ሳይናገር ይወጣል። ተመልካቹ ሞቅ ያለ ጭብጨባ የሰጠው ለእርሱ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ «ባህላችንን አስተዋወቅን» አልኩ። የመድረኩ ወጪ ጥሩ ነበር፤ መብራቱ፣ ልብሱ፣ ሙዚቃው በገንዘብ በኩል ርካሽ አልነበሩም። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያ ምሽት ከመድረኩ ላይ የረከሰ አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የእኔ ብዕር ነው። ጃኮፔቲን የማወግዝበት ሚዛን ለእኔም ያው ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ስሕተት አይመስለኝም። በየበዓሉ መድረክ ብሔር ብሔረሰቦችን በጭፈራቸው ብቻ እናሰልፋለን፤ በየግድግዳችን የተቀባ ፊት እንሰቅላለን፤ ከሥሩ የሰውየውን ስም አንጽፍም። የምናደርገው በፍቅር ነው፤ ይሁን እንጂ ፍቅርም ዝም ያሰኛል። ካድሬው ስብሰባ ሲያደምቅ፣ መምህሩ ስለ ኦሞ ሸለቆ ሲያስተምር፣ ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱ ሥራቸውን ሲያዘጋጁ ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቁ መልካም ይመስለኛል። የምናሳየው ሰው ሥራው የት እንደሚደርስ ያውቃል ወይ? ከሚገኘው ጥቅምና ክብር ይካፈላል ወይ? በሥራችን ውስጥ ከእኛ አሳብ የሚለይ ቃል የመናገር ዕድል አለው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም። የቪዲዮ ቤቱ ተራኪ ልጅም፣ የዋካሊጋው ናብዋናም፣ ባለ አሥራ ስድስት ሚሊሜትሩ ኃይሌም በድህነታቸው ውስጥ መልሰዋቸዋል።

ርካሽ ፊልሞችን መውደዴን አልተውኩም፤ የምተወውም አይመስለኝም። የካርቶኑ ገደል ሲናድ ዛሬም እስቃለሁ። ነገር ግን የምስቀው በካርቶኑ ላይ መሆኑን፣ ከገደሉ ሥር በቆመው ሰው ላይ አለመሆኑን መለየት እየተማርኩ ነው። ያን ተውኔትም እንደ ገና መጻፍ ጀምሬአለሁ። ባለዱላው ወጣት አሁን ስም አለው፤ የመጀመሪያው ንግግሩም ክርክር ነው። ምን ብሎ እንደሚከራከር ግን ከጠረጴዛዬ ሆኜ ብቻ ልጽፈው አልቻልኩም። ስለዚህ ጽሑፉን ይዤ ወደ ኮልቾ እንደ ገና እወርዳለሁ፤ በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስሙን ነው።